ቤቱ የሄደበት

የየሺዋስ ስልክ አጭር ነበር። ደብረ ማርቆስ ወንዝ ዳር ያለው የአያቶቻቸው ቤት መስቀል ካለፈ በኋላ ሊፈርስ ነው፤ መንገዱ ይሰፋል፤ ምትክ ቦታም በአማኑኤል መውጫ በኩል ተሰጥቷቸዋል። እናቱ ግን የበሩን መቃን ይዛ አልነቃነቅም ብላለች። «እኔንማ ንቃኛለች፤ አንቺን ትሰማሽ እንደሆነ ነይ» አለና ዘጋው።

ሕሊና የአጎቱ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር የቤት ንድፍ ታስተምራለች። ሌላው ሰው አዲስ ቤት ሲገባ «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ አረፍ ይላል። እሷ ግን ግድግዳውን በጣቷ ታንኳኳለች፣ ጣራውን አንጋጣ ታያለች፣ «ይሄን ምን ብለው እዚህ አደረጉት?» ትላለች። በዚህ አመሏ ዳግመኛ ያልጠሯት ወዳጆች አሏት።

ወደ ማርቆስ የምትመጣው ለለቅሶ ነበር። ለለቅሶ የመጣ ሰው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ስለሚሄድ፣ ያደገችበትን ከተማ አይታው አታውቅም ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ከመናኸሪያው ባጃጆቹን ትታ በእግሯ ወረደች። ዋናው መንገድ ግራና ቀኙን መስታወት ለብሷል። ከመስታወቱ ጀርባ ግን የድሮው ከተማ እንዳለ ነው፦ ሰገነታቸው የተንጋደደ የእንጨት ፎቆች፣ ቆርቆሯቸው የዛገ ጭቃ ቤቶች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቁልቁል መንገድ። በየግድግዳው ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቀዩ የሚፈርስ ማለት ነው።

ቁልቁለቱን ስትጨርስ አንድ ነገር አስቆማት። የወንዝ ዳር ቤቶች በሙሉ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው በራቸውን ወደ ውትርን ወንዝ አዙረዋል። ልጅ ሳለች እንደዚያ መሆኑን ታውቃለች፤ ለምን ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም። ቆማ አሰበችበትና ሳቋ መጣ። ቤቶቹ ለመንገዱ ጀርባ አልሰጡም፤ መንገዱ ነው በጀርባቸው የመጣው። ሰው ውሃ የሚቀዳው፣ ከብት የሚያጠጣው፣ እንግዳ የሚመጣው በወንዙ በኩል በነበረ ጊዜ የተሠሩ ናቸው።

የአክስቷ ቤት ከመሃላቸው ብቻውን ክብ ነው። ሳሩ ወርዶ ቆርቆሮ ከለበሰ ቆይቷል፤ ቁመናው ግን አልጎበጠም። አክስቷ ወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ የየሺዋስ እናት፣ ደጃፉ ላይ፣ ጀርባቸውን ለመቃኑ ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«እሱ ላከሽ?» አሉ፣ ገና ስመዋት ሳይጨርሱ።

«ናፍቀውኝ ነው፣ እቴቴ።»

«ውሸትሽን። ግቢ፤ ቆሎ አለ።»

አሁን ስለዚህ መቃን መናገር ግድ ነው፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነውና። ከበሩ በስተግራ የቆመ ወፍራም የጥድ ግንድ ነው። የቀሩት ቋሚዎች ምርግ ስለለበሱ አይታዩም፤ እሱ ብቻ ራቁቱን ነው። ከላይ ወደ ታች በመጥረቢያ የተሸረፉ አሥራ ሁለት ጭረቶች አሉበት። ቤተሰቡ የሚያውቀው እንዲህ ነው፦ አያትየው ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር አንድ ጭረት ይሸርፉ ነበር። ሰባተኛው የወይዘሮ ጥሩብርሃን ነው። ጠዋት ሲወጡ በአውራ ጣታቸው ሳይነኩት ስለማይወጡ ከሌሎቹ ተለይቶ ለስልሷል።

ችግሩ የተወለዱት ዘጠኝ መሆናቸው ነው። ሕሊና በልጅነቷ «ሦስቱስ የማን ናቸው?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ሳይጠመቁ የሞቱ ናቸው ይሏታል። ስማቸውስ? ስም አልወጣላቸውም። መቼ ሞቱ? ጥሩብርሃን ይጁቤ ተድራ ሳለች። ማን ቀበራቸው? እዚህ ላይ ጥያቄው በኩርኩም ይዘጋል። ሴት አያቷን አንዴ ደፍራ ጠይቃቸው «ተይኝ እስቲ» ብለዋት ፊታቸውን አዙረዋል። ቤቱ ሁሉ ያን ዝምታ ሐዘን ነው አለው። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ የእነሱ ቤት ግን ዝምታውም ላይ ይጨምራል።

ያን ዕለት ማታ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ሽሯቸውን እያማሰሉ ምክንያታቸውን ነገሯት። ለቤቱ ብለው አይደለም፤ ቤት ይፈርሳል። ለቦታውም ብለው አይደለም። ባላቸው መቃብር አለው፣ እናት አባታቸው መቃብር አላቸው፣ ወንድሞቻቸው ሁሉ አላቸው። ሦስቱ ስም የለሾች ግን በዚህ ዓለም ያላቸው ምልክት እነዚያ ጭረቶች ናቸው። በየዓመቱ ሦስት ጧፍ የሚያበራላቸውም እሳቸው ናቸው። የሺዋስ መቃኑን ነቅለን ይዘን እንሂድ ብሎ ነበር። «ከቤቱ የተነቀለ ግንድ ማገዶ ነው» አሉ። «እናቴ ያለቀሰችላቸውን ልጆች ለዶዘር ጥዬ ብሄድ በሰማይ ቤት ስገናኛት ምን እላታለሁ?»

የሽሮው ጣፋጭነት አንጀቷን በላው።

በማግስቱ ጠዋት እንደ አመሏ ቤቱን ስትዞር ከኋላ በኩል የክረምቱ ዝናብ ምርጉን ከግድግዳው ላይ እንዳረገፈው አየች። ጭዱ ተበትኖ ቋሚዎቹ አጥንታቸው ወጥቷል። ጠጋ አለች። አንዱ ግንድ ላይ ጭረት አለ። የሱም ጎረቤት ላይ አለ። በመጀመሪያው አምስት፣ በሚቀጥለው ስድስት፣ በሚቀጥለው ሰባት ናቸው።

ተማሪዎቿን ብትጠይቃቸው ፈጥነው የሚመልሱላት ነገር ነው፤ እሷ ግን በዚህ ቤት ደጃፍ አድጋ አላየችውም። ቤት ነቅለው ሌላ ቦታ ሊተክሉ ሲሉ አናጢዎች ቋሚዎቹን በተራ ይሸርፏቸዋል፤ ከበሩ ቀኝ በአንድ ጭረት ጀምረው፣ በየግንዱ አንድ እየጨመሩ፣ ዞረው ግራው ላይ ይጨርሳሉ። ጭረት ያለበት ቤት መጥቶ የተተከለ ቤት ነው። መቃኑ አሥራ ሁለት የተሸረፈው የመጨረሻው እሱ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ከየት መጣ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሕሊና ቁርሷን ሳትበላ ድልድዩን ተሻገረች። ከወንዙ ማዶ «ቤቱ የሄደበት» የሚባል መንደር አለ። ልጅ ሳሉ ስሙ ያስቃቸው ነበር፤ ቤት እግር አውጥቶ ሲሄድ እየሣሉ ይጫወቱ ነበር እንጂ የማን ቤት፣ ወዴት ሄደ ያለ አልነበረም። እዚያ የብርጓል የምትባል ሴት ድንች የተከለችበት ጓሮ ውስጥ ክብ የድንጋይ መሠረት አገኘች። አንድ በኩል ለበር ክፍት ነው፤ ክፍቱም ወደ ወንዙ ያያል። በርምጃ ለካችው። የአክስቷ ቤት ልክ ነው።

የብርጓል ከአማቶቿ የሰማችውን ነገረቻት። ባለቤቱ ሰውዬ ቤቱን ሸጦ አገር ለቀቀ፤ የገዛው ሰውም በጋውን ጠብቆ በደቦ አስነቅሎ አሻገረው። ያ ሰው አዲስ ያገባ ጎልማሳ ነበር አሉ። ሕሊና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። አዲስ ያገባው ጎልማሳ አያቷ ናቸው፤ ጭረቶቹ ያን ጊዜ ነበሩ፤ ከዘጠኙ ልጆች አንዱም ግን ገና አልተወለደም።

ስትመለስ ድልድዩ መሃል ላይ ቆመች። አንድ ጊዜ የተነቀለ ቤት ሁለተኛም ይነቀላል፤ ቁጥሩ አልጠፋም። አክስቷ ከነቤታቸው መሄድ ይችላሉ። ግን ቤቱ እንዲነቀል ምርጉ መራገፍ አለበት፤ ምርጉ ሲራገፍ በየግንዱ ያለው ጭረት ይታያል። ደብቆ ማሻገር አይቻልም። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያበሩላቸውን ሦስት ልጆች በራሷ አፍ ልትወስድባቸው ነው። ብትናገር ጨካኝ፣ ዝም ብትል ዶዘሩ። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ይሁን እንጂ በዚያ ቤተሰብ ዝምታ ምን እንደሚያደርግ አይታለች።

ወይዘሮ ጥሩብርሃንን ጎመን ሲከትፉ አገኘቻቸው። ከፊታቸው በርከክ አለች።

«እቴቴ፣ ጭረቱ ልጆች አይደለም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ከዚያ ቢላቸውን እንደያዙ ተነሥተው ወደ ኋላ ዞሩ። አምስቱን አዩ፣ ስድስቱን አዩ። ምርግ ያልለቀቀውን በቢላቸው ፋቁት፤ ሰባት፣ ስምንት እያሉ በጣታቸው እየዳበሱ ቤቱን ሙሉ ዞሩት። ከበሩ ቀኝ ያለውን ሲፍቁት አንዲት ጭረት ብቻዋን ወጣች። ቀና አሉና ግራውን መቃን ተመለከቱ።

«ሦስቱስ?» አሉ።

«የሉም፣ እቴቴ።»

«የሉም ማለት ሞተዋል ነው፤ እሱንማ አውቃለሁ።»

«አልተወለዱም።»

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቢላው ከእጃቸው ወደቀ። ሕሊና ልትይዛቸው እጇን ስትዘረጋ ገፏት።

«እንግዲያ እናቴ ሦስት ልጅ አልቀበረችም» አሉ ቀስ ብለው። «አልቀበረችማ። እሰይ። እሰይ እናቴ።» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ሕሊናም አብራ አለቀሰች፤ ለማን እንደሆነ ግን እሷም አታውቀውም።

ቆይተው በነጠላቸው ጫፍ ተናፈጡ። «ስንጠይቃት ፊቷን የምታዞረው ታዲያ ምን ሆና ነው ሳ?»

«ምናልባት ሰልችቷቸው።»

ይሄኔ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጧፉ ሁሉ ለማን ደረሰ ብለው ጠየቁና፣ እግዜር አስታዋሽ ላጣ ለሌላ ሰው አድሎታል፣ መቼም አያባክንም ሲሉ ራሳቸው መለሱ። ወዲያው ስልክ እንድትደውልላቸው አዘዟት። የሺዋስ ሲያነሳ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አናጢ ፈልግ።

መስቀል አልፎ በአንድ ቅዳሜ ሰፈሩ በደቦ ወጣ። መቃኑ መጀመሪያ ተነቀለ፤ የቀሩትም ተከትለውት ከነጭረታቸው አይሱዙ ላይ ተጫኑ። ሲያልፉ ከወንዙ ማዶ የብርጓል ቆማ ስታይ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወንዙ ማዶ አንድ፣ ከወዲህ አንድ፣ ቤቱ የሄደበት የሚባል ቦታ ሁለት ሆነ።

በአማኑኤል መውጫ ሕሊና መሠረቱን በገመድ አክብባ ጨርሳለች። የበሩን አቅጣጫ አክስቷን ስትጠይቃቸው ወደ ውትርን አሉ። ከዚያ ወንዙ አይታይም፤ እሳቸው ግን በየት በኩል እንዳለ ያውቃሉ። ግንዶቹ ሣሩ ላይ ተደርድረዋል። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በመካከላቸው እየተራመዱ ሲቆጥሩ ቆዩና ሰባት ጭረት ያለበት ጋ ሲደርሱ ተንበረከኩ። ሰባተኛውን ጭረት በአውራ ጣታቸው ፈለጉ፤ በምርግ ተሸፍኖ ስለኖረ ገና ሻካራ ነው።

«ጭረቱ እኔ ካልሆንኩ ግንዱ ልሁን» አሉ። «ይቺን አስቀድሙልኝ።»

አናጢው አይሆንም አለ። ተራ ተራ ነው፤ ከአንድ ካልተጀመረ ክቡ አይገጥምም። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ተከራክረው የማያውቁትን ያህል ተከራከሩ፤ አናጢው አልተበገረም። በመጨረሻ ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡና ግንዳቸው ላይ ቁጭ አሉበት።

«እንግዲያው ስድስቱን ቶሎ ትከሉ» አሉ። «የታላላቆቼን ተራ ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ አሁን ቸኩያለሁ።»