በበሩ ያልገባው ሣጥን

ሣጥኑ አልገባም። በቁሙ ሞከሩት፣ በጎኑ ሞከሩት፣ ገልብጠውም ሞከሩት፤ ወይ ፍንክች! ከኋላቸው ሻንጣ የሚጎትቱ አዳዲስ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው መተላለፊያ አጥተው ቆመዋል። እናትየው እፍረቷን የምታደርግበት ጠፋት።

“ሻንጣ ይበቃታል አላልኩህም? ስንቴ ነው የለመንኩህ?” አለችው ባሏን።

ባሏ አናጢ ነው። ሥራው አንዲት ሚሊሜትር ዝንፍ ስለማይል ሠፈሩ ሁሉ ሚሊ ይለዋል። እርሳስ ከጆሮው፣ ሜትር ከኪሱ፣ የመሣሪያ ቦርሳ ከትከሻው አይለይም። “አሥሬ ሳልለካ አንዴ አልቆርጥም” እያለ ሰው ሲያደነቁር የኖረ ነው። ልጁ ኮሌጅ ልትገባ ነው ሲባል የሰውን ሥራ ሁሉ ትቶ ይሄን ሣጥን ሠራ። ሣጥን ይባል እንጂ ቤት በሉት፤ መሳቢያ አለው፣ ተዘርግቶ ጠረጴዛ የሚሆን ክዳን አለው፣ ዙሪያውን በእጁ የፈለፈለው ክፈፍ አለው። ለዚህ ጉድ ሲባል የጎረቤት ፒክአፕ ተለምኗል።

የዶርሙ ፕሮክተር ቁልፎቿን እያንቃጨለች መጣች። “ኧረ ወላጆች፣ መንገድ ልቀቁ! ደግሞ ከምሳ በፊት ከግቢ ትወጣላችሁ።”

ሚሊ ላቡን ጠረገና ጉሮሮውን አጠራ። “እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ዕቃዋ ካልገባ እሷስ እንዴት ትኖራለች? ይዘናት እንመለስ። ሠፈራችን ያለው ኮሌጅ ምን አነሰው? ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች።”

ልጅቷ የክፍሏን ቁልፍ እንደጨበጠች ፊቷ ልውጥ አለ። “አባዬ፣ እኔ የምማረው እኮ እዚያ የለም።”

የእናትየው ደም ፈላ። ክረምቱን በሙሉ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስትጨቃጨቅ ነው የከረመችው። ሩቅ ነው ሲላት፣ ብቻዋን ናት ሲላት፣ ብትታመምስ ሲላት፣ አንድ በአንድ መልሳለት “እሺ፣ ትሂድ” ያሰኘችው በስንት መከራ ነው! አሁን በሣጥን ሰበብ ሊመልሳት? ሞቼ ነው ቆሜ፣ አለች በልቧ።

“ሜትሩን ወዲህ በል።”

“ምን ያደርግልሻል?”

“ወዲህ በል ነው የምልህ!”

በሩን ለካች፤ ሰባ ሁለት። ሣጥኑን ለካች፤ ሰባ አምስት። ያኔ ትዝ አላት። ባለፈው ወር ግቢውን ሊያዩ የመጡ ጊዜ፣ ይሄው ሰውዬ ከእነዚሁ በሮች አንዱ ሥር ተንበርክኮ ሲለካ፣ “ሰው ያየናል፣ ተነስ በናትህ” ብላው ነበር።

“ለክተኸው ነበር” አለችው፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። “አንተ ሰውዬ፣ ይሄን በር ለክተኸው ነበር።”

ሚሊ መሬት መሬቱን አየ።

“ለክቼዋለሁ” አለ። “ካልገባ ትመለሳለች ብዬ ነው። አልቻልኩም፣ በቃ።”

እናትየው ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ስድቡም ሞልቶላት ነበር። ልጅቷ ግን ቀደመቻት። ከአባቷ የመሣሪያ ቦርሳ መጋዙን አውጥታ አቀበለችው።

“ክፈፉን ቁረጠው፣ አባዬ።”

“ይሄን የመሰለ ሥራ?”

“እኔ እይዝልሃለሁ።”

እንጨት እየያዘችለት ነው ያደገችው። እንደ ወትሮዋ ተንበርክካ ያዘችለት። እሱም እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤ ለካ፣ አሰመረ፣ ደግሞ ለካ፣ አሁንም ለካ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ቁጥሩ አልታይ ብሎታል።

“ኤዲያ!” ብላ እናትየው ሜትሩን ነጠቀችው። “ሰባ አንድ! ቁረጥ!”

ቆረጠ። ሣጥኑ ገባ። ልጅቷ አባቷን አቅፋ ጉንጩን ሳመችው፤ ፕሮክተሯም እንደምንም ታግሣ ሸኘቻቸው።

ፒክአፗ ባዶዋን እየተንገጫገጨች የመልሱን መንገድ ያዘች። ሚሊ መሪውን ይዞ ስድቡን ይጠብቃል፤ እናትየው የተቆረጠውን ክፈፍ ጭኗ ላይ አጋድማ ይዛለች። ከተማዋን ሲወጡ አላስችላት አለ።

“ሦስት ሳንቲ!” አለች። “ሦስት ሳንቲ ምን ይባላል? ካደረግከው አይቀር አንድ ሜትር አታስበልጠውም ነበር?”

ይህን ብላ ክፈፉን እቅፍ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።