ስድብ የማያሳልፍ መስታወት

«ብሎኬት! መስኮቱን በብሎኬት ደፍነን እንገላገል» አለች ሕይወት።

እናቷ ፀጋነሽ ክው አለች። ልጅቷ እንጅባራ ካለው ቤታቸው ጓሮ የነበረችውን ጠባብ ክፍል ስቱዲዮ ልታደርጋት ግድግዳዋን በስፖንጅ ለብጣለች፣ በሩንም ደርባለች። የቀረው መስኮቱ ብቻ ነው። በአዊኛ የሚዘፍኑ የሰፈር ወጣቶች ቅዳሜ መጥተው ሊቀረጹ ቀጠሮ ይዘዋል። ያስቸገረው የጎረቤታቸው የጋሽ አዝመራው ፈረስ ነው። በጥር ለሚከበረው የፈረስ በዓል እየሠለጠነ ስለሆነ አንገቱ ላይ ቃጭል ታስሮለታል፤ ሕይወት ማይኩን በከፈተች ቁጥር፣ የተነገረው ይመስል፣ መስኮቱ ሥር መጥቶ ያሽካካል።

«ተደፍኖብሽ ትንፋሽ ቢያጥርሽ እኔ በምን አውቃለሁ?» አለች ፀጋነሽ።

ሕይወት ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ፀጋነሽ ልጇን ያሳደገችው በጆሮዋ ነው። ደረቷ ሲር ሲር ማለት ሲጀምር ወጥ ቤት ሆና ትሰማለች፤ ገበያ ሆና እንኳ የሰማች የሚመስላት ጊዜ አለ። ድምፅ የማያስወጣ ክፍል ማለት ለእሷ ልጇን የማትሰማበት ክፍል ነው።

«መስማቱ ከቀረ፣ ቢያንስ ልይሽ።»

ሕይወት የእናቷን ዓይን አይታ ለዘበች። «እሺ፣ መስታወት ይሁን። በየዘፈኑ መሃልም በሩን እከፍታለሁ። ግን የፈረሱ ድምፅ ከገባ ይደፈናል፤ አትለምኚኝም።»

በማግስቱ ዳንግላ ወረዱ። መስታወት ሻጩ የኋላሸት ቀልድ የሚወድ ጎልማሳ ነበር። መጀመሪያ ያመጣው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። «ይኸውልዎት እናቴ፣ ቀላል ነው፣ ቢወድቅም አይሰበር።»

ፀጋነሽ በጣቷ አንኳኳችው። ውጭ የጋሪ ፈረሶች ይተላለፋሉ፤ ከዚያ ጫጫታ መሃል የቱ ድምፅ በየት እንደገባ መለየት አልቻለችም። ዞር ዞር ስትል የሱቁን ዕቃ ቤት አየች። በሩ ይዘጋል፤ ወደ ሱቁ የምታይ ትንሽ መስኮትም አለችው።

«ይኸን መስኮቷ ላይ ግጠመውና ግባ። በሩን ዝጋና ስደበኝ።»

«ኧረ በስመ አብ! እንዴት እናቴን እሰድባለሁ?»

«ምርቃት ሁልጊዜ በለሆሳስ ነው፣ አይፈተንበትም። ስድብ ነው ከልብ የሚወጣው። በል ግባ!»

የኋላሸት እየሳቀ ገባ።

«ጨቅጫቃ ደንበኛ!» የሚል ድምፅ ፕላስቲኩን አልፎ ጥርት ብሎ መጣ።

«ሰማሁህ! ቀይር!»

ቀጭን መስታወት ተገጠመ። «ቀኑን ሙሉ ልታቆሙኝ ነው?» የሚለው አሁንም ገባ፤ ትንሽ ሰለል ብሎ። ሕይወት በሳቅ እንባዋን ጠረገች። የኋላሸት ግን ነገሩ እልህ አስያዘው። አንድ ወፍራምና አንድ ቀጠን ያለ መስታወት አመጣ፤ በመሃላቸው ክፍተት ተወና ዙሪያቸውን በጎማ አጥብቆ ዘጋው። «ውፍረታቸው ከተለያየ አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል» አለና ገባ።

አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እጁን አወናጨፈ። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ። ፀጋነሽ ጆሮዋን ብትለጥፍ ምንም የለም።

ሲወጣ «አሁን ምን አልከኝ?» አለችው።

«መረቅሁዎት።»

«በዚያ ፊት?» አለች ሕይወት።

«ያልሰማሁት አይቆጠርም» አለች ፀጋነሽ። «ስድቡ ያላለፈበትን ስጠን።»

በሚኒባስ ሲመለሱ መስታወቶቹን በጋቢዋ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ተቀመጠች። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር «ቀስ በል፣ አንተ ልጅ!» እያለች ሹፌሩን አስመረረችው።

ቅዳሜ ወጣቶቹ መጡ። መስኮቱ ተገጥሟል፤ ዙሪያው ነፋስ እንኳ አያስገባም። ፀጋነሽ «ለመጀመሪያው ዘፈን ብቻ፣ ልቤ እንዲያርፍ» ብላ ለምና ከክፍሏ ጥግ ዱካ ላይ ተቀመጠች። መዝፈን ጀመሩ። መሃሉ ላይ ሲደርሱ የጋሽ አዝመራው ፈረስ እንደ ልማዱ መጣና በመስታወቱ አያቸው። ራሱን ነቀነቀ፤ ቃጭሉ ተወዛወዘ። ከንፈሩን ገልብጦ፣ ጥርሱን ሁሉ አግጦ አሽካካ። ድምፅ የለም። ባዶ አፍ ብቻ።

ፀጋነሽ አፏን በነጠላዋ አፈነች። አልሆነም። ሳቋ ፈንድቶ ክፍሉን ሞላው።

ዘፈኑ ተቋረጠ። ዘፋኞቹም ተከትለዋት በሳቅ ወደቁ።

«እማ!» አለች ሕይወት ወገቧን ይዛ። «ፈረሱን አስወጥተን አንቺን አስገባን! ውጪልኝ!»

ፀጋነሽ ዓይኗን እየጠረገች ወጣችና ከፈረሱ ጎን ቆመች። በሩ ተዘጋ። ቃጭሉም፣ የመንገዱ ባጃጅም ጆሮዋን ሞሉት። በመስታወቱ ውስጥ ልጇን አየቻት። ትከሻዋ ዘና ብሏል፣ ደረቷ በእርጋታ ከፍ ዝቅ ይላል፣ በእጇ ለዘፋኞቹ ምት ትሰጣለች።

ጋሽ አዝመራው ልጓም ይዞ መጣ። «ምንድን ነው የሚዘፍኑት?»

«እኔ ምኑን አውቄ!» አለች ፀጋነሽ ፊቷ በርቶ። «አንድም አይሰማኝ!»