ከብርድ ልብሱ ሥር

«ሦስት ምርጫ አለ» አለች የማደንዘዣ ባለሙያዋ ብፅዓት፣ በከሚሴው ክሊኒክ ጠባብ ክፍል ውስጥ። «ሙሉ እንቅልፍ፣ ቀለል ያለ የሚያደነዝዝ መርፌ፣ ወይም ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝ።»

እንድሪስ በሰንበቴ የከብት ገበያ ደላላ ነው፤ መጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ ተቀብሎ አያውቅም።

«ሙሉውን ስጫት፣ ሲስተር። የወገቡን ምራቂ አድርጊላት።»

«ምራቂ የለውም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ከወገብ በታች» አለች ሚስቱ ዓፊያ።

«ነቅተሽ? ምን ልታይ?»

«ልሰማ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ አልፀነሰችም እየተባለ ስለ ሆዷ የሚወራውን በመጨረሻ የምትሰማው እሷ ነበረች። ዛሬ ወደ ማህፀኗ የሚገባው ቀጭን ካሜራ ሁለቱ የማህፀን ቱቦዎቿ ክፍት መሆን አለመሆናቸውን ያሳያል። ከተኛች ግን ሐኪሙ ውጤቱን በረንዳ ላይ ለእንድሪስ ይነግረዋል። አጠገቡ ደግሞ «የጨጓራ ምርመራ ነው» የተባሉት እናቱ እማማ ረቢአ ተቀምጠዋል። እሳቸው እሑድ የሰሙት ሰኞ ባቲ ገበያ ይደርሳል።

«እኔስ በምን ላውቅ? እማ ከጎኔ አትለይም» አለ እንድሪስ።

«እንደ ገበያችሁ» አለች ዓፊያ።

ሰንበቴ ላይ ደላሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎጣ ይጥሉበትና ዋጋውን በጣት ይነጋገራሉ። አጠገባቸው የቆመ ሰው አንዳች አያውቅም።

«ሁለት ጣትህን ከያዝኩ ሁለቱም ክፍት ነው። አንድ ከሆነ አንዱ። ምንም ካልያዝኩ...»

«እሺ፣ እሺ» አለ ሳያስጨርሳት።

መርፌውን ከተወጋች በኋላ ብፅዓት «እስኪ እግርሽን አንሺ» አለቻት።

«የማንን እግር?»

«በቃ፣ ይዞልሻል።»

ሐኪሙ ብዙ ቆየ። «ግራው ክፍት ነው» አለ። ዓፊያ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«ቀኙም።»

ብፅዓት ዕንባዋን በጥጥ ጠረገችላት።

በአልጋ እየተገፋች ወደ ማረፊያው ክፍል ስትወጣ እማማ ረቢአ እንድሪስን ቀድመው ደረሱ። «አልሐምዱሊላህ! ጨጓራሽን ምን አሉት፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«ደህና ነው፣ እማ።»

«እግርሽ ታዲያ ለምን አይንቀሳቀስም?»

«ጨጓራ ሲብስ እግር ድረስ ይወርዳል» አለ እንድሪስ፤ እጁንም ብርድ ልብሱ ሥር አስገባ።

ዓፊያ ሁለት ጣቱን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ፊቱ በራ። ወዲያው፣ እንደ ልማዱ፣ ሦስት ጣቷን መልሶ ጨበጠ።

«ያለኝ ሁለት ብቻ ነው፣ አንተ!» ሳቋ አመለጣት።

እማማ ረቢአ ብርድ ልብሱን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ሟች ባላቸውም ደላላ ነበሩ። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ የእንድሪስን እጅ ገፋ አድርገው የራሳቸውን አስገቡና የዓፊያን ሁለት ጣት ያዙ። ቶሎም አልለቀቁም።

«ለጨጓራ» አሉ፣ «ሁለት ይበቃል።»