ከሥጋው ጎን

ሸፊቃ ፍሙን ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ከሱፉሪያው፣ ከብረት ድስቱ፣ ሥር ተወችው፤ ግማሹን በክዳኑ ላይ ደለደለችው። ኦቨን በሌለበት ቤት አትክልት ከላይም ከታችም እሳት ካላገኘ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ውስጡ ዱባ፣ ካሮት፣ ድንችና ቀይ ሽንኩርት አለ፤ በቅቤ ታሽቶ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ገብቶበታል። አትክልቱ ሁሉ ከጓሮዋ የወጣ ነው።

ጓሮው ግን ከዛሬ ወዲያ የእሷ መሆኑ ያጠራጥራል። የባሏ አባት ሁቃ፣ ድርቁ ሲብስባቸው ፍየሎቻቸውን እየነዱ ከመንደራቸው ከቦሪ ልጃቸው ወዳለበት ወደ ቡቲዬ መጥተዋል። ጠዋት አጥሩን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ይቺ የጓሮ ሻምባ በረት ትሁን። ባሲ፣ አለቀ!» አሉ። ባሏ ታዲቻ «ሀያ፣ እሺ» ብሎ ወዲያው የእሾህ አጥሩን በአንድ በኩል ከፈተው። ሸፊቃን ያናደዳት የሽማግሌው ሐሳብ ሳይሆን የታዲቻ ፍጥነት ነበር። በጀሪካን ውሃ እየተሸከመች ያቀናችው መሬት ነው። ፍየሎቹ ፀሐይ ስትበርድ ይገባሉ ተብሏል።

ምሳ ቀረበ። ለአማት ጎድን ይቀርባል፤ ደንቡ ነው። አትክልቱን በትንሽ ሳህን ከሥጋው ጎን አስቀመጠችና እንደ ወጉ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች።

ሁቃ ትንሹን ሳህን ገፋ አደረጉት። «ቅጠሉን ፍየል ይብላው። ፍየሉን እኛ እንበላለን።»

ታዲቻ ሳቀ። እሷ ግን በመጋረጃው ክፍተት የሽማግሌውን እጅ ታይ ነበር። ጎድኑን አነሱ፣ ቦጭቀው ጎረሱ፣ በጉንጫቸው ወዲያና ወዲህ አገላበጡት። ታዲቻ ሞባይሉ ጠርቶ ወደ ደጅ ሲወጣ የጎረሱትን አውጥተው በመዳፋቸው ጨበጡት። ሥጋው አልታኘከም ነበር። ጥርስ የላቸውም። ከመጡ ጀምሮ ከሻይ በቀር ምንም ሳይቀምሱ መዋላቸው ያን ጊዜ ገባት።

አሳዘኗት፤ ማዘኗም ራሱ አናደዳት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ነገሩ ያበቃል። ሥጋ ማኘክ ያቃተው ሽማግሌ መንጋውን ለልጁ ይልቀቅ የሚል ሰው በቦሪ አይጠፋም፤ መንጋው በታዲቻ እጅ ከገባ ደግሞ ጓሮዋን እንዴት እንደምታስመልስ እሷ ታውቅበታለች።

ከመጋረጃው ወጣች። «አባ፣ ሥጋው በርዷል። ላሙቀው።»

ጭብጣቸውን እንዳላየች ሆና የሥጋውን ሳህን አነሳች። በቦታው አትክልቱን አስጠጋች። ከዚያ ወደ ደጅ፣ «ታዲቻ፣ ከሰል አልቋል፤ ገዝተህ ና!» ብላ ተጣራች። ከሰል ሞልቶ ነበር።

 ሁቃ ጠርዙ የጠቆረውን ዱባ በጣታቸው ቆረሱ። ዱባው በድዳቸው ላይ ፈረሰ። ሌላም ቆረሱ። ተመልሳ ከቆመችበት ከመጋረጃው ጀርባ የሚሰማው ጣታቸው ሳህኑን ሲጠርግ ብቻ ነበር።

ፀሐይ ስትበርድ ፍየሎቹ መጡ። ሁቃ፣ ልጃቸው አጥሩን በከፈተው በኩል ቆመዋል፤ ጠዋት የተነሳው የእሾህ ቅርንጫፍ በእጃቸው ነው። ከፊት ያለችው ፍየል አንገቷን ወደ ዱባው ሐረግ አሰገገች። ሽማግሌው በቅርንጫፉ ገፋ አደረጓት፤ አጥሩን ግን አልዘጉም።

ሸፊቃ ቀረበች። ሳይዞሩ ተናገሩ።

«አንቺ፣ ያ ነገር... ማታም አለ?»

«ዱባው ካለ አለ፣ አባ።»

ፍየሏ እንደገና አንገቷን አሰገገች።