የጓሮው ክምር

አማትየው ምራቷን መጥላት ከለመደች ቆይታለች። ክምሩን መጥላት ግን አዲስ ሥራ ሆነላት።

ልጇ ከሞተ ወዲህ ምራቲቱ የጓሮዋን ክፍል ይዛ ቀርታለች። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከደጃፉ አልጋ የምታክል መሬት። መሬቷ ጭንጫ ናት፤ ምንም አታበቅልም። ምራቲቱ ጎመን ልትተክልባት ቆርጣለች፤ እና ደረቅ ቅጠል ለቀመች፣ የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት አጠራቀመች። ደረቁን ከታች፣ እርጥቡን ከላይ፣ እንደገና ደረቁን። ውሃ እርጭ አድርጋ ጆንያ አለበሰችው፤ በየጊዜው በመንሽ ታገላብጠዋለች። ኮምፖስት በወጉ ከያዙት አይሸትም። ቢሸትም ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው።

«ሬሳውን ገለበጥሽው?» ትላታለች አማቷ በኩሽናው መስኮት።

ባሏን ለቀበረች ሴት።

«ገለበጥኩት እማማ። ሰላም በሉልኝ ብሏል።»

ቤቱ አሁን የዋርሳዋ ነው፤ የባሏ ታላቅ ወንድም። ከቀብር መልስ፣ «ክፍሏን ያዢ፣ ማንም አይነካሽም» ብሏት ነበር፤ «ብቻ እናቴ በስልክ አታድርቀኝ።» እሷም በዚህች ቃል ላይ ነው የምትተኛው። እናት አባት የላትም። እህቷ ከነባሏ ከነልጆቿ ባንድ ክፍል ተጠቅጥቃለች። ከዚህ ከወጣች ውጪ ናት፤ አለቀ።

ከዕለታት አንድ ቀን ክምሩ ሸተተ። ሽታ ነው? ጭንቅላት የሚያዞር! ዝንቡ መጣ። ዝንቡን ተከትሎ አይጡ መጣ። ጎረቤቲቱ ባጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ኧረ ምን ሞቶባችሁ ነው?» አለች።

ምራቲቱ መንሹን ሰደደች። ሥጋው ያልለቀቀ አጥንት ይዞ ወጣ። ደገመች። በፌስታል የተቋጠረ ጮማ። እሷ ደጅ ሥጋ ከገባ ስንት ዘመኑ። አውጥታ ጣለችው፣ ደረቅ ቅጠል ጨመረች፣ አገላበጠች። በነጋታው የወጥ እጣቢ ተደፍቶበት አገኘችው።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። ገና ወፍ ሲንጫጫ መጋረጃዋን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። አማቷ፣ «ወይ ጉልበቴ» ሳትል ብርጭቆ የማታነሳዋ ሴት፣ ድስት ታቅፋ በጣቶቿ ጫፍ እየተራመደች መጣች። ጆንያውን ገለጥ፣ ድስቱን ድፍት። ሲያበቃ ጆንያውን እንደነበረ አስተካክላ መለሰችው። ንጹህ ሥራ ትወዳለች።

ከሰዓት ዋርሳው ከች አለ። ስልኩ ደርሶታል ማለት ነው።

«ይሸታል እኮ እህቴ» አለ መሀረቡን አፍንጫው ላይ ለጥፎ።

ምራቲቱ ከክምሩ አዲሱን ቋጠሮ ፈልቅቃ በአካፋ አቀረበችለት። «እየው። ይሄን የምበላ እመስላለሁ?»

«ድመት ይሆናላ!» አለች አማቷ።

«ድመት ፌስታል ትቋጥራለች እማማ?»

ዋርሳውን ሳቅ አመለጠው። እናቱን አየ፣ አካፋውን አየ፣ ሳቁን ዋጠው። ምራቲቱን ወደ ውሃው ቧንቧ ወሰድ አደረጋት።

«አውቃለሁ፣ እሷ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካንቺ በፊት እዚህ ክፍል የነበረውን ተከራይ የውሃ በርሜሉ ውስጥ ነጭ ጋዝ ጨምራ ነው ያስለቀቀችው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እናቴ ናት። ምን ላድርጋት? እሁድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ዕቃሽን እኔው አደርስልሻለሁ።»

እንደ ውለታ ነው የተናገረው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። እዚህ ቤት ግን ዱላው አልተሳሳተም፤ አይጧንም ዳዋውንም ለይቶ ያውቃል፣ አውቆ ነው የመታው።

እሁድ ፍራሹ ተጫነ፣ ሁለት ማዳበሪያ ልብስ ተጫነ። ወዴት እንደሚጫን የጠየቀ የለም። አማትየው ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

«ክምሩን እንዳትበትኝው» አለች። «ለጽጌረዳዎቼ ይሆነኛል። ስንት ቀን ሲከረፋኝ ከርሞ፣ ይካሰኝ እንጂ።»

ምራቲቱ የያዘችውን ድስት መሬት አስቀመጠች። ክምሩ ገና ጥሬ ነው። መሃሉ እጅ አያስቆምም፣ ይፋጃል። ካልበረደና ካልበሰለ የነካውን ሥር ቀቅሎ ይገድላል። ጽጌረዳዎቹን ደግሞ የተከላቸው ባሏ ነው፤ በገዛ እጁ፣ ባጥሩ ሥር፣ ሳይታመም። አማትየው ጠዋት ጠዋት ልጄ እያለች የምታዋራቸው እነሱን ነው።

ሁለቱንም አሰበች። አካፋውን አነሳች።

«እኔ ላልብስልዎት እማማ። ጉልበትዎ እንዳይብስብዎት።»

የጽጌረዳዎቹን አፈር ገፈፈች፣ ሥራቸውን ገለጠች፣ ከመሃል ከመሃሉ እየዛቀች ትኩሱን ሞላችበት። እንፋሎቱ ተነሳ። እስከ ግንዱ አንገት ቆለለችው። አማቷ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ነካችው።

«ይሞቃል እኮ!»

«ደግ ነው። ብርድ አይነካቸውም።»

«ብርድማ አይችልም ነበር ልጄ» አለች አማቷ። ድምጿ ሰው ሰው ሸተተ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ምራቲቱ ቀና አላለችም። «አውቃለሁ» አለችና በእግሯ ጠቅጠቅ ጠቅጠቅ አደረገችው።

ዋርሳው ከመኪናው ጥሩምባ ነፋ። «ምንድነው፣ አንሄድም እንዴ?»

«መጣሁ» አለች። «አንዷ ጽጌረዳ ቀርታለች።»