አባዬ ያላላው ዳዶ

አባዬን ሰዉ «ዶክተር ጠብታ» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ የጀልባ ሽንት ቤት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ የሚያፈስ ፓምፕ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ውሎ አዳሩ አሮጌ ጀልባው ላይ ሆነ። ውስጧ ያለውን ዕቃ ሁሉ የገጠመው በገዛ እጁ ነው፤ ሽንት ቤቷንም ጭምር።

ታላቅ እህቴ ግን አባዬ የጀልባዋ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ዳሌውን ከተጎዳ ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። «ጀልባዋ ትሸጥና እኔ ጋ ይግባ» ብላ ሙጭጭ አለች። እሱ እምቢ፣ እሷ እምቢ! በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፦ የሚመጣው ገዢ ጀልባዋን ከወሰዳት አባዬ ይወጣል፤ ካልወሰዳት ግን ነገሩ ዳግም አይነሳም። አባዬ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም።

ገዢው በሚመጣበት ጠዋት ቀድሜ ብደርስ፣ አባዬ ሽንት ቤቷ ውስጥ ተንበርክኮ የፓምፑን ዳዶ ያላላል።

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ዝም በል! ትንሽ ታንጠባጥብ፣ ትንሽ ትሽተት። አፍንጫ ያለው ሰው ሽንት ቤቱ የሚሸት ጀልባ አይገዛም።»

ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን ደህናውን ጎሚኒ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ያለቀለትን አስገባ። ሳቄ አመለጠኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ አባዬ ከዚያች ጀልባ ሲወጣ ማየት አልፈልግማ!

ሰውየው ከእህቴ ጋር መጣ። ሞተሩን ወደደ፣ አልጋውን ወደደ። ሽንት ቤቱን ከፍቶ የፓምፑን እጀታ ሲገፋ ግን ውሃው ጫማው ላይ ተንጠባጠበ። «ኤጭ!» ብሎ አፍንጫውን ያዘ። የእህቴ ፊት ጠቆረ። አባዬ ጥግ ቆሞ መሬት መሬት ያያል፤ ሳቁን እየዋጠ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እፎይ፣ ተገላገልን ስል ሰውየው አፉን ከፈተ።

«ወድጃት ነበር፣ ግን ይቅርብኝ። ለመሆኑ ይሄን የገጠመው ምን ዓይነት ገልቱ ነው?»

ወይ አባዬ! ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ገልቱ? ገልቱ ነው ያልከው?»

«አባዬ፣ ተወው» አልኩ በሹክሹክታ። ማን ሰምቶኝ! ተንበርክኮ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋና «ፒንሳ!» አለ። እኔም ስንት ዘመን አብሬው ስሠራ እንደለመድኩት፣ ሳላስበው መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ከባሕር ውሃ የሚያስገባውን ቧንቧ ዘጋ፣ ፓምፑን ፈታ፣ ደህናውን ጎሚኒ ከኪሱ አውጥቶ ቅባት ቀባና መለሰው፣ ዳዶውን አጠበቀ። ቧንቧውን ከፈተና እንደ ልማዱ መገጣጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ጠቅልሎ ገዢውን «ግፋ!» አለው። ሰውየው ገፋ፣ ደግሞ ገፋ። አባዬ ሶፍቱን ፈትቶ አፍንጫው ሥር ያዘለት። ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ይኸውልህ የገልቱው ሥራ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ አላወቅኩም» አለ ሰውየው ሶፍቱን እያገላበጠ። «እንዲህ ከሆነችማ ወስጃታለሁ።»

እህቴ በደስታ እጁን ጨበጠችው። አባዬ ገና አልተነሳም። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አንተ ልጅ፣ ምናለ ያኔ ብትይዘኝ?» አለኝ።

ከወለሉ ደግፌ አነሳሁትና ልብሱን ልንሸክፍ ገባን።