ከባሕሩ ወዲህ ያለው ትምህርት ቤት

ወሬው ለረመዳን የደረሰው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። የደወለለት አራጋው የሚባል የአጅባር ሰው ነበር፤ ድሮ ጅቡቲ ውስጥ አብረው ግንበኛ ሆነው ሠርተዋል፣ አራጋው ዛሬም እዚያው ነው። ሰላምታውን አሳጠረ። ከኦቦክ ወደ የመን የተነሳች ጀልባ ሰኞ ዕለት ሰጥማለች፤ የመካነ ሰላሟ ትህትና ከሞቱት አንዷ ናት፤ አብራት ተሳፍራ የተረፈች ልጅ አስከሬኗን ለይታለች፤ እዚያው ባሕሩ ዳር ተቀብራለች። "ለእናቷ እንዴት እንደምታደርጉ እናንተ ታውቃላችሁ" አለና ዘጋው።

ረመዳን መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግናል። ጅቡቲ ስድስት ዓመት ስለኖረ ከተማው ባሕሩን የሱ ርስት አድርጎ ነው የሚያየው። ልጁ የጠፋበት፣ እህቱ ስልክ ያላነሳችለት፣ የመንገዱን ነገር ማወቅ የፈለገ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። እሱ በዚያ ሁሉ ዓመት ሲሚንቶ ከማቡካት በቀር ባሕሩን ቀና ብሎ እንኳን በደንብ አላየውም። ቢሆንም ማንንም አሳፍሮ መልሶ አያውቅም፤ አይሆንም ማለት አይችልበትም።

በዚያው ምሽት የትህትና አጎት ጋሽ አወቀ ቤት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። በእኛ አገር ሞት እንደ ጤፍ ዋጋ በስልክ አይነገርም፤ ቀን ይቆረጥለታል፣ የቅርብ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። የትህትና ወንድም በእውቀቱ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው፤ ዓርብ ማታ ይደርሳል። መርዶው ቅዳሜ ንጋት ላይ እንዲሆን፣ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተስማሙ። እናትየው እትዬ የትምወርቅ ደም ግፊት አለባቸው፤ ብቻቸውን ሰምተው ቢወድቁስ? ወጉ ደግ ወግ ነው። ግን ወጉን ያወጡት ሰዎች፣ እናትየው የሟች ልጃቸውን ጉዳይ ይዘው ሱቅህ ድረስ ቢመጡ ምን እንደምታደርግ ሳይነግሩን ነው የሞቱት።

ሐሙስ ጠዋት መጡ።

ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባቄላ የተቋጠረበት ፌስታል ይዘው ነበር። ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና "እንደምን አደርክ ረመዳኔ? ደህና ናችሁ? ልጆቹስ ደህና?" ብለው እስኪጨርሱ ረመዳን ቀና ብሎ አላያቸውም።

"አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ እትዬ?"

"ተመስገን። ዛሬ እንኳ ከበድ ያለ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁ።"

ጉዳያቸው ይህ ነበር። ትህትና ጅቡቲ፣ ባልባላ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ጓደኞቿ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ሲሻገሩ የሷም ልብ ተነስቷል። እናትየው በስልክ ሲለምኗት፣ "እዚሁ ሙያ የሚያስተምር ቦታ ከተገኘልኝ አልሻገርም፤ እኔ ቋንቋውም አይገባኝ፣ የሚጠየቅበትንም አላውቅ፣ ረመዳንን ጠይቂልኝ" ብላቸዋለች። ስፌትም ይሁን ምግብ ሥራ፣ የፀጉርም ቢሆን ግድ የላትም።

"መቼ ነው እንዲህ ያለችዎት?" አለ ረመዳን። መጠየቅ አልነበረበትም፤ አፉ ቀደመው።

"ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ምን ላድርግ፣ ባቄላው አውድማ ላይ ተከምሮ፣ ደመናው እየዞረ፣ ዛሬ ነገ ስል። ትናንት ነው ወቅተን ያስገባን። ይኸው ካዲሱ አመጣሁልህ።"

ረመዳን ባቄላውን አየ። እንባው ሲመጣበት ጎንበስ አለና መሳቢያው ውስጥ ያልጠፋ ዕቃ መፈለግ ጀመረ።

"እትዬ፣ ዛሬ ኔትወርክ የለም" አለ እዚያው እንዳጎነበሰ። ይህችን ሰበብ በአገራችን ያልተጠቀመባት ሰው የለም፤ ሁሌም ትታመናለች።

"ይመጣላ። እጠብቃለሁ" ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ብዙም አልቆየ፣ የረመዳን ስልክ ጮኸ። ጋሽ አወቀ ነው። "እህቴ ወዳንተ መጣች አሉ፤ አደራህን" አለው። ረመዳን "እሺ፣ እሺ" ብሎ ዘጋ።

"መጣ አይደል ኔትወርኩ!" አሉ እትዬ የትምወርቅ ደስ ብሏቸው። "በል እንግዲህ፣ ቢስሚላህ በል።"

አንድ ሁለት ቦታ እደውልና የለም ብለዋል እላለሁ፣ እስከ ቅዳሜ ነው ብሎ አሰበ። ድሮ ቤት ላከራየችው ሴትዮ ደወለ፤ ዓመታት ስላለፉ አታነሳም ብሎ ነው። ሴትዮዋ ወዲያው አንስታ፣ ይህን ያህል ጊዜ መጥፋቱን በዓረብኛ ጮኻ ከወቀሰችው በኋላ፣ በባልባላና በዙሪያው ለሴቶች ሙያ ያስተምራሉ የምትላቸውን ሁሉ ስልክ ቁጥራቸውን ፈልጋ ላከችለት። የመጀመሪያው ቦታ የመኖሪያ ወረቀት የሌላትን አንቀበልም አለ። ረመዳን ይህንን ለእትዬ የትምወርቅ ሲተረጉም ቀለል አለው። ሁለተኛው ፈረንሳይኛ የማትችል አትገባም አለ።

"ለስፌት ፈረንሳይኛ ምን ያደርጋል?" አሉ እትዬ የትምወርቅ። "መርፌው ነው ፈረንሳይኛ የሚያወራ? በልልኝ እስቲ።"

ረመዳንም አለላቸው። ከሰውዬው ጋር ተከራከረ፤ ቆሞ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ "ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ በወር ትለምደዋለች" አለው። ሰውዬው ጆሮው ላይ ሲዘጋበት ተናደደና ወደ ሦስተኛው ቁጥር ሄደ። ማንም አላለውም፤ ራሱ ነው የሄደው።

ሦስተኛዋ ዕድሜዋ የገፋ፣ የረጋች ሴት ነበረች። ስፌትና ምግብ ሥራ እናስተምራለን አለች። ወረቀት የሌላትም ብትሆን ትምጣ፣ ቦታ አለ። የት ነው የምትኖረው? የአሠሪዎቿን ሰፈር ሲነግራት ሳቀች። አጠገባችን ናት እኮ፣ በእግሯ ትመጣለች። እሑድ ጠዋት ላክልኝ።

"ተገኘ!" ብሎ ጮኸ ረመዳን።

የምሩን ነው የጮኸው። ጠዋቱን ሙሉ ሲለምን፣ ሲከራከር፣ ልጅቷ መሞቷን ረስቶት ነበር። እትዬ የትምወርቅ ተነስተው እልል ሲሉ ነው ትዝ ያለው። ባንኮኒውን ያዘ።

"ባሕሩ ከዚያ ይታያል ወይ?" አሉ እልልታቸውን ሲጨርሱ።

"ትንሽ ይታያል መሰለኝ።"

"እንግዲያ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ። እሱን እያየች ልቧ እንዳይነሳ። ንገርልኝ ለሴትዮዋ።"

"እነግራታለሁ።"

"በል አሁን ለራሷ ደውልላት። ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው የሚለኝ፤ ቻርጅ አጥታ ይሆናል፣ አይደል?"

"ይሆናል" አለ ረመዳን። ደወለ። ዝግ ነው።

"እንግዲያ ጻፍላት፤ ስትከፍተው ይደርሳታል። ትምህርት ቤት ተገኝቶልሻል በላት። በእግርሽ የምትሄጂበት ነው፣ እሑድ ጠዋት ግቢ። የትም እንዳትሄጂ። እናትሽ ነኝ በል።"

ረመዳን እያንዳንዱን ቃል ጻፈ። ጽፎም ላከው። በሕይወቱ እንዲህ የከበደው ሥራ አልነበረም፤ ሲሚንቶ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣበት ጊዜ እንኳን ይሻል ነበር። እትዬ የትምወርቅ መረቁት፣ ግንባሩን ሳሙት፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ረመዳን ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ ነበር። እትዬ የትምወርቅ ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ፣ ዓይናቸው መጀመሪያ ልጃቸው በእውቀቱ ላይ፣ ቀጥሎ ረመዳን ላይ አረፈ። መርዶ መሆኑን ለማወቅ ማንም እስኪናገር አልጠበቁም፤ እንዲህ ያለ ሰዓት፣ እንዲህ ያለ ሰው ለሌላ ነገር አይመጣም። ግን መጀመሪያ አልጮሁም።

"ትምህርት ቤት ገብታለች እኮ" አሉ። "ነገ ነው የምትጀምረው።"

ጩኸቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

እሑድ ረመዳን ለጅቡቲዋ ሴት ደውሎ ልጅቷ እንደማትመጣ ነገራት። ለምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻለም። "ያሳዝናል" አለች ሴትዮዋ፤ "ቦታው እኮ ከወር በላይ ባዶ ነው።" ረመዳን ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም።

ለቅሶው አለፈ። ድንኳኑ ፈረሰ፣ በእውቀቱም ወደ ሥራው ተመለሰ። አርባው ገና ሳይደርስ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬ የትምወርቅ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ሰላምታ አልሰጡም። ረመዳን በርጩማውን ቢያቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

"ስለ መርዶው አልወቅስህም፤ ወግ ነው" አሉ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ያ ትምህርት ቤት እውነት ነበር ወይ? ወይስ እኔን ልታባብል ከራስህ አውጥተህ ነው?"

ረመዳን ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ገባው። እናትየው ፊታቸው ከስቶ አጥንት ብቻ ቀርቷል፤ እንዲህ ያደረጋቸው ሐዘን ብቻ አይደለም። ሁለቱን ሳምንት ሌት ተቀን እየቆጠሩት ነው። ነበር ካላቸው፣ ልጃቸው በሕይወት ሳለች ቦታው ባዶውን ይጠብቃት እንደነበር፣ እሳቸው አውድማ ላይ ሆነው ዛሬ ነገ እያሉ እንደነበር እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘውት ይኖራሉ።

"አልነበረም" አለ።

"በስልክ ያወራኸውስ?"

"ከወዳጄ ጋር ነው ያወራሁት። ዓረብኛውን ስለማይሰሙት፣ ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።"

"ቀደም ብዬ ብመጣስ ኖሮ? እንዳለችኝ ወዲያው ብመጣ?"

"ለምንም አይሆንም ነበር እትዬ። ወረቀት የሌላትን ማን ይቀበላል? ሁሉም በር ዝግ ነው።"

ዓይን ዓይኑን አዩት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቁታል፤ ከእናቱ ጋር ጎረቤት ነበሩ።

"እስቲ ወላሂ በል።"

ወሎ ውስጥ ወላሂ የማይል የለም። ክርስቲያኑም ይላል፣ እትዬ የትምወርቅ ራሳቸውም ዶሮ ሲሸጡ ይላሉ። ረመዳን ግን አይልም። በዋጋ ክርክር እንኳን ሲምል ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰው ስልኩን ያለ ደረሰኝ የሚተውለት ለዚህ ነው። በውሸት የማለ ሰው አላህ ፊት ምን እንደሚጠብቀው አባቱ በልጅነቱ ነግሮታል፣ እሱም አምኖ ኖሯል። እትዬ የትምወርቅ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የጠየቁትም ለዚህ ነው።

"ወላሂ" አለ ረመዳን። ደገመው። "ወላሂል አዚም፣ ትምህርት ቤት አልነበረም።"

እትዬ የትምወርቅ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ደረታቸውን ይዘው ትንፋሻቸውን ረጅም አድርገው ለቀቁት፤ ሸክም አውርዶ እንደሚያርፍ ሰው።

"ተመስገን" አሉ። "ተመስገን አምላኬ። እኔ እኮ ልጄን በባቄላ የለወጥኳት መስሎኝ ነበር።"

አለቀሱ። ረመዳን ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ ጠበቃቸው። ሲጨርሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠራርገው ተነሱ፣ ወደ በሩ ሄዱ፣ ከዚያ ዞሩ። አሁን ዓይናቸው ሌላ ነበር።

"አንተ ግን እንዲህ ያለ ሰው ነህ?" አሉ። "እልል አስባልከኝ እኮ ረመዳን። ልጄ ሞታ ባሕር ዳር ተቀብራ፣ እዚህ አቁመህ እልል አስባልከኝ። እኔ ምን በድዬህ ነበር?"



"እግዜር ይይልህ" ብለው ወጡ።

የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት አዛን ሲሰማ ረመዳን ሱቁን ዘጋ። እጅ እግሩን ታጥቦ ውዱእ አደረገ፣ መስጊዱ በር ድረስ ሄደ፣ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ መግባት አቃተው። ጫማውን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ለሶላት የሚገቡት ሰዎች የቅርብ ሰው የሞተበት መስሏቸው፣ ትከሻውን ነካ ነካ እያደረጉ "አብሽር፣ አብሽር" እያሉ አለፉት።